ሁለት ጉርሻ ሲቀር

ጥቅምት 9/74፣ ሰኞ፣ ንጋት 11፡30

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በሬ ጠልፌ እጥላለሁ፣ ብቻዬን። የኋላ እግር ሙሉውን በአንድ ትከሻ ከጋሪው እስከ መንጠቆው አደርሳለሁ። ቢላዬን ራሴ እስላለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ወጤን ራሴ እሠራለሁ። ሚስቴ አስካለ ከሞተች ወዲህ ማንም አጉርሶኝ አያውቅም። ያለ መነጽር አነባለሁ። ቀስ ብዬ ነው፣ ግን አነባለሁ።

የማልችለው አንድ ነገር ነው። ጫማ ማሰር።

አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ነኝ። የግራው ታስሯል፣ የቀኙ አልታሰረም። ጎንበስ ስል ሆዴ መሃል ይገባል፣ ትንፋሼ ይቆማል፣ ዐይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይዞራል። የግራውን እንዴት እንዳሰርኩት እግዜር ያውቃል። አረፍ እያልኩ ልጻፍ። ስማ ደብተር፣ አንተን የያዝኩህ በመሠረተ ትምህርት ያስተማረችኝ ልጅ ካልጻፉበት ፊደሉ ይከዳዎታል ስላለችኝ ነው። በጀርባህ የማባዣ ሰንጠረዥ አለ። እሱን አልፈልገውም። ማባዛት ሥጋ ቤቴ ውስጥ ተምሬያለሁ።

ዓርብ ለት የጤና ጣቢያው ሐኪም ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ ነፋው። ፊቱ ጠቆረ። ግፊት አለብዎት አለ። ስኳሩም ደጃፍዎ ላይ ቆሟል። ቦርጭዎን ያጉድሉ፣ ጮማና ቅቤ ይተዉ፣ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። ካልተውኩስ? አልኩት። ይጥልዎታል አለ። ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅሁም። አስካለን የጣላት ግፊት ነው። ግማሽ ጎኗ ሞቶ፣ በግማሽ ጎኗ እኔን እያየች፣ እስክታርፍ ድረስ በማንኪያ አጎረስኳት።

ሞት አልፈራም። ማንኪያ ነው የምፈራው። ልጄ አልማዝ ማንኪያ ይዛ አጠገቤ ስትቀመጥ ማየት አልፈልግም።

የቀኙን አሰርኩ። ሄድኩ።


ጥቅምት 13፣ ዓርብ

ከምሥራቅ ሰፈር ተነሥቼ፣ ፒያሳን አቋርጬ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ድረስ። ተመለስኩ። አልሞትኩም።

እዚህ ከተማ ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም ለካ። ያገኘኝ ሁሉ ወዴት ነው ጋሽ ደምሴ? ይላል። የትም። አንዷማ ደረቷን ይዛ ማን ሞተ? አለችኝ። ማንም አልሞተም፣ ስብ ላራግፍ ነው አልኩ። ሳቋ እስከ ማዞሪያው ተከተለኝ።

ይሳቁ። በሬ ላይ ሞራ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ዐይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። ኩላሊቱን ይከባል፣ አንጀቱን ያለብሳል፣ ከዚያ ወደ ልብ ይወጣል። የሰባ በሬ ዳገት አይወድም፣ ፀሐይ አይወድም፣ ቄራ ሲደርስ ቀድሞ የሚተኛው እሱ ነው። ስንቱን አርጄ ራሴ ላይ አላየሁትም።

ወ/ሮ ዘይነባ ሱቅ ገባሁ። የቡና ጆንያ የምትመዝንበት ሚዛን አላት። ልቁምበት አልኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ጋሼ፣ ኪሎውን ስንት ልበለው? ከነአጥንቱ ነው?» ዘጠና ስድስት። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ማን ናት ልጅቷ? አለችኝ። በስተርጅና የሚቀጥን ወንድ ሙሽራ ነው ይባላል እነሱ አገር። ተቆጥቼ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን ብቻዬን ሳቅሁ።


ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

ሐይቁ ዳር፣ ትልቁ ሾላ ሥር፣ ሌላ እንደኔ ያለ አገኘሁ። ሥሩ ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። እኔም ቆሜ አለከለኩ። ሁለት እርጉዞች ሆነን ተያየን። እሱ ነው ቀድሞ የሳቀው።

መ/ር ዳንጊሶ ይባላል። ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ሳይንስ ያስተምራል። የሲዳማ ሰው ነው፣ አማርኛው የመጽሐፍ ነው፣ ቃል አይውጥም። ጴንጤ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በሩ ከታሸገ ቆይቷል። እሱ አያነሣውም፣ እኔም አልጠይቅም። እኔ የገብርኤል ነኝ። ሐይቁ ዳር ሁለታችንም የቦርጭ ነን። ያው የጤና ጣቢያው ሐኪም ነው ሁለታችንንም ያስፈራራን።

ሁለት ሕግ አስተማረኝ። አንደኛው የማዕድ። ሁለት ጉርሻ ሲቀርዎት እጅዎን ይታጠቡ። ሆድ መጥገቡን የሚሰማው ዘግይቶ ነው አለ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ነው ያደግሁት፣ እሱ ሁለቱን ተዋቸው ይላል። ሁለተኛው የመንገድ። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ደህና ነው። መዝፈን ከቻሉ ግን እየተንፏቀቁ ነው፣ ይጨምሩ። ሳንባ የሚፈተነው እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ይዘምራል። እኔ ድምፄ የአህያ ስለሆነ ለእሱ ተውኩለት። በሲዳምኛ አንድ ሁለት ስንኝ ይላል፣ ድምፁ ይቆረጣል፣ ደስ ይለዋል። «ጥሩ! አቃተኝ!» በሕይወቴ ሲያቅተው የሚፈነድቅ ሰው አይቼ አላውቅም።


ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

ሸራ ጫማ አመጣልኝ። አዲስ ነው። በቆዳ ጫማ እግርዎን ይጨርሱታል አለ። ከሰው አልቀበልም አልኩ። ታዲያ ይመልሱልኛል አለ። እሺ፣ ይኼን የመሰለ አዲስ፣ በገዛ እጄ፣ እስከ ገና። ሳቀ። ጫማው ደመና ነው።

ጉርሻ መተው ከባድ ነው። ሥጋ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ ለሰው ጨምር ጨምር እያልኩ፣ እኔ ጎመንና የገብስ ቂጣ። አንዱ ደንበኛዬ ጋሼ ታመው ነው ወይ? አለኝ። ቦርጭ ያለው ሥጋ ሻጭ ነው የሚታመነው። የቀጠነ ሥጋ ሻጭ ሥጋው ላይ ነገር አለ ይባላል። ይባል።

ቀበቶዬ ላይ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ አወጣሁ።


ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ላይ ኬላ አለ። አብዮት ጥበቃው ወልዴ ይጠብቀዋል። ወልዴን አውቀዋለሁ። ለእናቱ አጥንት ለሾርባ እየሰጠሁ ያሳደግሁት ነው። ዛሬ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፍቶ ጠጋ አለኝ። ጋሼ፣ ዘንቢል ይያዙ አለኝ ቀስ ብሎ። ለምን? ዓሣ ሊገዛ የሚወርድ ሰው ይምሰሉ። ባዶ እጁን በየጠዋቱ የሚሄድ ሰው እየተጠየቀ ነው።

ለገዛ እግሬ አልዋሽም አልኩት። ዘይነባም ሰምታ ዘንቢል አወጣችልኝ። መለስኩላት። መ/ር ዳንጊሶ ግን ከሰኞ ጀምሮ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥሎ ነው የሚመጣው። ሚስቴ ይዘህ ካልሄድክ አትወጣም አለችኝ አለ። እንዴት እንደቀለድኩበት! ሙሉውን መንገድ እመቤቴ፣ ሽንኩርቱ ስንት ሆነ? እያልኩ። ሳቁ መዝሙሩን አቋረጠበት። ሳንባ ነው አለ፣ ይኼም ይቆጠራል።

ታንኳ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ዜማውን ያውቁታል መሰለኝ። እሱ ሲያቅተው እነሱ ይቀበሉታል። ከጭጋጉ ውስጥ፣ ሰው ሳይታይ። ጠጉሬ ቆመ። ያምራል ግን።


ኅዳር 16፣ ረቡዕ

ጾም ገባ። ሥጋ ቤት ተዘጋ። ለኔ ዘንድሮ ጾም የለም፣ ከጥቅምት ጀምሮ ጾመኛ ነኝ። ሰማንያ ዘጠኝ ኪሎ። ዘይነባ ሚዛኑን መታ መታ አደረገችው፣ አላመነችም። እንደ ዘንድሮ ጤፍ ጎደሉብኝ አለች።

ለገብርኤል ተስያለሁ። ለታኅሣሡ ክብረ በዓል ሆዴን ካስገባልኝ በቁመቴ ልክ ጧፍ። በወርዴ ልክ ብል ኖሮ ሰም አይገኝም ነበር።


ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

ጥሩ ቀን ነው። መ/ር ዳንጊሶ ፈተና ስላለው አልመጣም፣ ብቻዬን ወረድኩ። ኬላው ውስጥ ከወልዴ ጋር አዲስ ሰው ተቀምጧል። ኮት፣ ጥቁር መነጽር፣ ገና በጠዋቱ። ከክ/ሀገር ነው የመጣው። ውጭ ታርጋ የሌላት ላንድሮቨር ቆማለች። ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሽማግሌ የሚያከብር ሰው አሁንም አለ።

ጋሼ፣ እንዴት ነው እንዲህ ጠንካራ የሆኑት? አለኝ። ነገርኩት። ሸሚዜን ገልጬ የቀበቶዬን ቀዳዳዎች አሳየሁት። ያለ መነጽር እንደማነብም ነገርኩት። ማን አሠለጠነዎት? መ/ር ዳንጊሶ ነዋ! እየዘመረ ነው የሚያስሮጠኝ አልኩ። በምን ቋንቋ? በሲዳምኛ። አጃቢም አለው፣ ታንኳዎቹ ይቀበሉታል፣ አንድ ቀን ወርደህ ስማው አልኩት። እሰማዋለሁ አለ። ሲጋራ ጋበዘኝ፣ ትቻለሁ አልኩ። ሳቀ።

ወልዴ አልሳቀም። መሬት መሬት ያይ ነበር። ጥርሱን ያመው ይሆናል።


ኅዳር 26፣ ቅዳሜ

ሾላው ሥር ማንም የለም። ጠበቅሁ። ፀሐይ ወጣች። ዘንቢሉ ግን አለ፣ ትናንት ረስቶት የሄደው፣ ሥሩ መሃል ወድቋል። ራሰ በራዎቹ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ዙሪያውን ቆመዋል። የዓሣ አንጀት መስሏቸዋል። ኮት የለበሱ ዳኞች ይመስላሉ። በድንጋይ አባረርኳቸው፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ራቁ።

ዘንቢሉን ይዤ ወደ ቤት። ኬላው ላይ ወልዴ ፊቱን አዞረ።


ኅዳር 28፣ ሰኞ

ወሰዱት። ዓርብ ከት/ቤት ሲወጣ፣ በላንድሮቨሯ።

ሚስቱን ወ/ሮ ማርታን ዘይነባ ሱቅ አገኘኋት። ምሳ ዕቃ ይዛለች። ምግብ ይቀበሉልኛል፣ እሱን አያሳዩኝም አለች። ባዶው ሲመለስላት ወረቀት የለ፣ ምን የለ፣ አንድ ጠባቂ ብቻ ባልሽ ቅቤ አታድርጊበት ብሏል አላት። ቆማ ሳቀች። እዚያም ገብቶ ቦርጩን እየቀነሰ ነው ጋሼ! ሳቋ በመሃል ተሰበረ። ዘይነባ ማንም ያልጠየቃትን ስኳር መስፈር ጀመረች።

በምን ጠረጠሩት? አልኳት። በመዝሙር አለች። አንድ ሰው የተዘጋውን ቤተ ክርስቲያን ሐይቅ ዳር ከፍቶታል፣ ዓሣ አጥማጅ ይሰበስባል ብሎ ነግሯል።

አንድ ሰው።

ደብተር፣ ወደ ኋላ ገልጬ ኅዳር 22ን አነበብኩ። ቀስ ብዬ አነበብኩት። ጥሩ ቀን ነው ይላል።


ታኅሣሥ 2፣ ዓርብ

ቀበሌ ጠሩኝ። የመነጽሩ ሰው ዛሬ ወንበር አልለቀቀም። አንተ አለኝ። በልጄ ዕድሜ ነው።

ከዳንጊሶ ጋር በየጠዋቱ ስለ ምን ነበር የምታወሩት?

ስለ ቦርጭ።

ወር ሙሉ ስለ ቦርጭ?

«ቦርጩ ትልቅ ነበራ!»

በሩ ላይ የቆመው ወልዴ ሳቁን አፈነው፣ አመለጠው፣ ከዚያ ጠመንጃውን ጨብጦ ግድግዳ ሆነ። የመነጽሩ ሰው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ጠየቀኝ። የሚቀበሉት እነማን ናቸው? ጭጋግ ነው፣ ዐይኔም ደክሟል አልኩ። «ያለ መነጽር አነባለሁ ያልከው አንተ አይደለህም?» አለ። ለካ ሰው በጉራውም ይታሰራል።

አስብበት፣ እንጠራሃለን አለ። እስከዚያ ሐይቅ ዳር እንዳትታይ። ሐኪም ያዘዘኝ ነው አልኩ። ግቢህን ዙር አለኝ።


ታኅሣሥ 7፣ ረቡዕ

ግቢዬን እዞራለሁ። እንደ ወፍጮ በሬ። ከቧንቧው እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ቧንቧው። ቦርጬ አሁንም ይጎድላል፣ ግን በሕጉ አይደለም። ሁለት ጉርሻ አይደለም የሚቀረኝ፣ ሁለት ጉርሻ ነው የምበላው። አይወርድም።

ዘይነባ መዘነችኝ። ሰማንያ ሁለት። አልቀለደችም። «ይብቃዎት ጋሼ» ብላ ሚዛኑን ወደ ጓዳ ገፋችው።

አልማዝ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ጉንጬን ዳበሰችው። ሰፈሩ ስለርስዎ ምን እንደሚል ያውቃሉ አባባ? አለች። ቀጭን ሰው ያለ ምክንያት አይቀጥንም፣ ወይ በሽታ ነው ወይ ፖለቲካ ነው ይላሉ። ሐኪም ነው በያቸው አልኩ። ሁለት ነገር አስቤ ነበር። አንዱን ነገርኳት፣ ከገና በኋላ ለልጇ ክርስትና በጉን እኔ ራሴ አርዳለሁ። ሁለተኛውን፣ የእናቷን መቃብር አጥር፣ ሳልነግራት ሄደች።


ታኅሣሥ 14፣ ረቡዕ

ወ/ሮ ማርታ ምሳ ዕቃውን ይዛ ተመለሰች። ሙሉውን።

ከእንግዲህ አታምጪ አሏት።

እዚህ አገር ይኼ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነው ብላ ትጠይቀናለች፣ እኛ መሬት እናያለን። ሱቁ ደጃፍ ቆማ ምሳ ዕቃውን መሬት አላስቀምጥም አለች። ልቀበልሽ ብል አልለቀቀችም። ክዳኑ ተንሸራቶ አየሁት። ቆሮሶ ዓሣ፣ የተቀቀለ፣ ያለ ዘይት፣ ያለ ቅቤ። ትንሽ ቆጮ። በሕጉ።

ዘይነባ በእኩለ ቀን ሱቋን ዘጋች። ይዛት ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ። የት እንደምሄድ አላወቅሁም። ወዴት ነው ጋሽ ደምሴ? ያለኝ ሰው የለም።


ታኅሣሥ 16፣ ዓርብ

ጠሩኝ። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ የቀበሌው ስብሰባ ላይ። ሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ ዳንጊሶ በመዝሙር ሲቀሰቅስ ሰምቻለሁ እላለሁ። ከዚያ የተቀበሉትን ዓሣ አጥማጆች በስም። ተጠርተው እዚያው ይመጣሉ፣ በጣቴ አሳያለሁ። ካልኩ ነጻ ነኝ፣ ሐይቁም ተፈቅዶልኛል። እንደ ልብህ ሂድ አለኝ፣ ለጤናህ ነው። ካላልኩ የስድስቱም ዓሣ አጥማጆች ዕዳ አንተ ላይ ነው አለ።

ስማቸውን አውቃለሁ። ሽማግሌው ቱንሲሳ አለ፣ ከመምህሩ ጋር ስናርፍ ውሃ የሚሰጠን። ልጆቹ አሉ። ታንኳቸውን በድምፅ ነው የምለየው።

አልማዝ ሰምታ ስትሮጥ መጣች። እግሬ ላይ ወደቀች። መምህሩ እንደሆነ ሄዷል አባባ፣ ለሄደ ሰው ምን ይጨመርበታል፣ የሚሉትን ይበሉላቸውና ይኑሩልኝ አለች። ቱንሲሳስ? አልኳት። ቱንሲሳን እኔ አላውቀውም አለች። እውነቷን ነው፣ አታውቀውም። አነሣኋት። ክብደቷ አልተሰማኝም።

ብታሰር ምግብ የምታመላልሰው እሷ ናት። ሕፃን አዝላ፣ በር ላይ ተሰልፋ። ከማንኪያው የሸሸሁት ለዚህ ነበር? ዞሮ ዞሮ በልጄ እጅ ልበላ ነው።


ታኅሣሥ 17፣ ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡15

ለገዛ እግሬ አልዋሽም ያልኩት እኔ ነኝ አይደል? ዛሬ ዘንቢል ይዣለሁ። የመምህሩን።


እዚያው ቀን፣ ከሰዓት

ኬላው ላይ ወልዴ ብቻውን ነበር። ዘንቢሉን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ሐይቅ ዳር አይታዩ ተብለዋል አለኝ። ዓሣ ልገዛ ነው አልኩ፣ ጾም ነው፣ ዓሣ የሚበላ ቤተ ዘመድ መጥቶብኛል። ከልጄ ሌላ ዘመድ እንደሌለኝ ያውቃል። «ቶሎ ይመለሱ ጋሼ፣ ዋጋው ሳይወደድ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ ራዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ቱንሲሳ መረቡን ያራግፍ ነበር። ጎንበስ ብዬ ቆሮሶ መረጥኩ፣ ዋጋ ተከራከርኩ፣ ተሟገትኩ። ሰው ሁሉ አየን። በክርክሩ መሃል ያልኩትን አንተም ጭምር አታውቀውም ደብተር። ዓሣ ገዛሁ በል።

ሽማግሌው መረቡን ማራገፉን አላቆመም። አንድ ዓሣ በነጻ ጨመረልኝ። ባልንጀራህ ካቅሙ በላይ ይዘምር ነበር አለኝ፣ በተሰባበረ አማርኛው። ከዚያ ልጆቹን በቋንቋው ተጣራ።

ዓሣውን ለወ/ሮ ማርታ ሰጠሁ። ቅቤ እንዳታደርጊበት ልል ነበር። ዋጥኩት።


ታኅሣሥ 18፣ እሑድ፣ ጠዋት

ኬላውን ሳላልፍ፣ ከላይ ከዳገቱ ላይ ቆሜ አየሁ። ሐይቁ ባዶ ነው። አንድ ታንኳ የለም። አባ ኮዳዎቹ ብቻ ዳር ቆመዋል፣ የሚጥልላቸው አጥተው። ማዶ፣ ከተራራው ሥር፣ ጭስ አየሁ ልበል? ዐይኔ ደክሟል።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነው። ተነሥቼ የምለውን አውቃለሁ። መ/ር ዳንጊሶ ቦርጭ አጎደለልኝ እላለሁ። ሲዘምር የነበረው ሳንባውን ሊፈትን ነው እላለሁ። የተቀበለው እኔ ነኝ፣ በአህያ ድምፄ፣ ከፈለጋችሁ አሁን ላሰማችሁ እላለሁ። ይሳቁ። ጥቅምት ላይም ስቀዋል። ያን ቀን ኬላው ውስጥ ሸሚዜን ገልጬ የሰጠሁትን ሕዝብ ፊት ቆሜ መልሼ እወስደዋለሁ። እኔ ነኝ ያወራሁት፣ እኔ ነኝ የምዘጋው።

ቅድም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጎንበስ አልኩ። ሁለቱንም አሰርኩ። ትንፋሼ አልቆመም። ጥቁር ነገር አልመጣም። የሚያይ ሰው ባለመኖሩ ቆጨኝ።

ያለብኝን ልጻፍ፣ አልማዝ እኔ ልክፈልልዎት እንዳትል። ማንም አይክፈልልኝ።

ለመ/ር ዳንጊሶ አዲስ ሸራ ጫማ። ፒያሳ አይቻለሁ፣ ቁጥሩን አውቃለሁ። ለወ/ሮ ማርታ እኔ ራሴ አደርሳለሁ፣ እስከ ገና ብያለሁ።

ለአስካለ የመቃብሯ አጥር። በክረምቱ ወድቋል። እንጨቱን እኔ እፈልጣለሁ፣ እኔ እተክላለሁ።

ለአልማዝ ልጅ የክርስትናው በግ። ሌላ ሰው ቢላዬን እንዳይነካ።

ለዘይነባ ሳቅ። ሚዛኑን ታውጣ። አንዴ ከነአጥንቱ ነው ወይ ትበለኝ።

ለወልዴ ምንም። ወይም፣ አጥንት ለእናቱ። ጾም ሲፈታ።

ለገብርኤል ጧፍ፣ በቁመቴ። ነገ ነው ክብረ በዓሉ። ሰሙን ገዝቼ ዘንቢሉ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ነገ ጠዋት፣ ሰዓት እላፊው እንደተነሣ፣ በእግሬ፣ ራሴ

በሩ ተንኳኳ። ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ወልዴ ነው፣ ጋሼ ይላል። የመኪናም ድምፅ አለ። መጣሁ በለው ደብተር፣ ቁርሴ ላይ ሁለት ጉርሻ ነው የቀረኝ፣ እጄን ልታጠብና